የሕፃናት መጫወቻና የጎረቤት ክርክር በእንግሊዝ አገር

ልጆች በሚያድጉበት ግቢ ውስጥ ዥዋዥዌና ሸርተቴ ቢተከል የሚቃወም ሰው ይኖራል ብሎ የሚጠረጥር የለም። ዳሩ ግን በእንግሊዝ አገር አንድ አባት ለልጆቹ ብሎ በጓሮው ያቆመው የእንጨት መንጠላጠያ በማዘጋጃ ቤት መዝገብ ሊያስከፍት፥ ብዙ ደብዳቤ ሊያጻጽፍና እስከ ይግባኝ ሊያደርስ ይችላል። ነገሩን ከሩቅ ለሚሰማው የሚያስቅ ይመስላል። ነገር ግን በአንደኛው ወገን የሕፃናት ጨዋታ፥ በሁለተኛው ወገን የሰው የቤቱ ገመና ስላለበት ቀልድ አይደለም። በዚያ አገር ብዙ ወገኖቻችን ቤት ይዘው ልጆች ስለሚያሳድጉ፥ ሕጉ የሚለውን ማወቅ ለእነርሱም ሆነ እዚህ ሆነው ለሚያስቡላቸው ዘመዶቻቸው ይጠቅማል።

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው የከተማና የገጠር ፕላን ሕግ ባለመሬቱ በመሬቱ ላይ እንደ ልቡ የመሥራት መብቱን ወሰነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሥራ ለመሥራት የፈለገ ሰው አስቀድሞ የአካባቢውን ማዘጋጃ ቤት ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ይሁን እንጂ ለዕቃ ማስቀመጫና ለዶሮ ቤት ሁሉ ማመልከቻ ቢቀርብ መሥሪያ ቤቱ በወረቀት ስለሚጥለቀለቅ፥ መንግሥት ትንንሾቹን ሥራዎች በአንድ ጠቅላላ ደንብ አስቀድሞ ይፈቅዳቸዋል። አሁን የሚሠራበት ደንብ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ነው። ዌልስና ስኮትላንድ የየራሳቸው ደንብ ስላላቸው፥ እዚህ የምንናገረው ስለ እንግሊዝ ብቻ መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልን።

ደንቡ የልጆችን መጫወቻ ለይቶ በስሙ አይጠራም። የሚናገረው በቤቱ ግቢ ውስጥ ለቤተ ሰቡ መገልገያ ስለሚሠራ ማናቸውም ትንሽ ቤት ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ከቤቱ ዋና ፊት አልፎ መቆም የለበትም፤ ፎቅም አይኖረውም። ከአጥሩ በሁለት ሜትር ውስጥ ከተሠራ ቁመቱ ከ2.5 ሜትር አይለፍ። ከዚያ ከራቀ ግን ጣራው ግራና ቀኝ ተዳፋት ሲሆን እስከ 4 ሜትር፥ ሌላ ዓይነት ሲሆን እስከ 3 ሜትር ሊደርስ ይችላል። በግቢው የተጨመረው ሥራ ሁሉ ተደምሮ ከዋናው ቤት ውጭ ያለውን መሬት ከግማሽ በላይ መሸፈን አይፈቀድለትም። እስከዚህ ድረስ ለልጆች መጫወቻ የሚያስቸግር ነገር የለም።

የሚያስቸግረው አንድ አጭር ሐረግ ነው። ደንቡ በረንዳና ሰገነት፥ እንዲሁም ከፍ ያለ መቆሚያ ወለል ያለበትን ሥራ ከጠቅላላው ፈቃድ ያወጣዋል። «ከፍ ያለ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሲተረጉምም፥ ከመሬት ከ0.3 ሜትር፥ ማለት ከ30 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ሁሉ ነው ይላል። ይህም ከስንዝር ጥቂት የሚበልጥ፥ ከክንድ የሚያንስ ልክ ነው። በሱቅ የሚሸጠው የልጆች መጫወቻ ደግሞ፥ ሸርተቴ እንዲኖረው ከተፈለገ፥ ሕፃኑ ወጥቶ የሚቆምበት ወለል አብዛኛውን ጊዜ ከመሬት አንድ ሜትርና ከዚያም በላይ ነው። ስለዚህ ዕቃው በግልጽ በገበያ ተሸጦ፥ በመኪና መጥቶ፥ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሲተከል፥ አባትየው ሳያውቀው ከጠቅላላው ፈቃድ ውጭ ሊሆን ይችላል። ሻጩ ይህን ለገዢው ቢነግረው ብዙ ጠብ በቀረ ነበር።

ልኩ እንዲህ ያነሰ መሆኑ አባቶችን ያስቆጣል። እስቲ ሒሳቡን አብረን እናስላ። በዚያ አገር ሰው ያለ ፈቃድ ሊሠራው የሚችለው የጓሮ አጥር ከፍታ 2 ሜትር ነው። ቁመቱ 1.20 ሜትር የሆነ ሕፃን ዓይኑ ከእግሩ በ1.10 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። ይኸው ሕፃን 1.50 ሜትር ከፍታ ባለው ወለል ላይ ቢቆም ዓይኑ 2.60 ሜትር ላይ ይሆናል፤ ማለት ከአጥሩ ጫፍ በ60 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። አባቱ ሊያወርደው ወጥቶ ከጎኑ የቆመ እንደሆነ ደግሞ የጎረቤቱ የመኝታ ቤት መስኮት ሳይቀር ሊታየው ነው። በአገራችን ቆላ፥ ማሽላ ሲያሸት፥ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ የሚያስወነጭፈውን ልጅ ያየ ሰው ይህን ያለ ሒሳብም ይረዳዋል፤ ማማ የሚሠራው አሻግሮ እንዲያሳይ ነውና።

ነገር ግን ከዚህ አስቀድሞ የሚነሣ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ዕቃው በሕጉ ዓይን «የተሠራ ሥራ» ነው ወይስ ተራ ዕቃ ነው? የሚለው ነው። ዳኞች ይህን የሚለዩት በሦስት ነገር ነው፤ በትልቅነቱ፥ በቦታው ላይ በሚቆይበት ዘመንና ከመሬት ጋራ በተያያዘበት ሁኔታ። ትራምፖሊን የሚባለው መዝለያና ሁለት ሰዎች አንሥተው የሚያዛውሩት ዥዋዥዌ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ዕቃ ይቆጠራሉ። እግሩ በሲሚንቶ የተተከለ ማማ ግን ሥራ ነው ቢባል የሚያስደንቅ አይሆንም። በዛፍ ላይ ለሚሠራ ጎጆ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዛፉ በማዘጋጃ ቤት ትእዛዝ የተጠበቀ ከሆነ ያለ ፈቃድ ቅርንጫፉን መቁረጥ ወይም ዛፉን መጉዳት ወንጀል ነው። በቅርስነት በተመዘገበ ቤት ግቢ ውስጥና በአፓርታማ ለሚኖር ሰው ይህ ጠቅላላ ፈቃድ ከነአካቴው የለም።

እንግዲህ ጎረቤት አቤት ብሎ እንደ ሆነ ምን ይደረጋል? የማዘጋጃ ቤቱ ሹም መጥቶ ይለካል፤ መሬቱ ተዳፋት ቢሆን የሚለካው ሥራው ከሚነካው መሬት ከከፍተኛው ቦታ ጀምሮ ነው። ልኩ ተላልፎ ቢገኝም ሹሙ ወዲያው አፍርሱ አይልም። ሕጉ፥ ደንብ ስለ ተጣሰ ብቻ ሳይሆን፥ እርምጃ መውሰዱ የሚገባ ሆኖ ሲገኝ ብቻ እንዲወሰድ ለማዘጋጃ ቤቱ የማመዛዘን ሥልጣን ሰጥቶታል። ጉዳቱ ጥቂት ከሆነ መዝገቡ እዚሁ ላይ ሊዘጋ ይችላል፤ አለዚያም አባትየው ለተሠራው ሥራ ፈቃድ ዘግይቶ እንዲያመለክት ይጋበዛል። ማመልከቻው ሲመረመር ወደ ሰው ቤት አሻግሮ ማሳየቱ፥ ብርሃን መከልከሉና ጩኸቱ ይመዘናሉ። የቤቴ ዋጋ ወደቀ፥ የማየው መስክ ተጋረደብኝ የሚለው ወይም የቆየ ቂም ግን በሚዛኑ ላይ አይወጣም። በበኩሌ ይህ ትክክለኛ አሠራር ይመስለኛል፤ አለዚያ የፕላን መሥሪያ ቤት የጎረቤት ቂም መወጫ ይሆን ነበር።

ማዘጋጃ ቤቱ ይፍረስ ወይም ይስተካከል ብሎ በጽሑፍ ካዘዘ፥ ባለቤቱ ትእዛዙ ከመጽናቱ በፊት ይግባኝ ማለት ይችላል፤ ለዚህም የሚሰጠው ጊዜ ከ28 ቀን አያንስም። ይግባኝም ሳይል ትእዛዙንም ሳይፈጽም የቀረ ሰው በወንጀል ይከሰሳል። ቀድሞ ሥራው ተፈጽሞ 4 ዓመት ካለፈው ማዘጋጃ ቤቱ ሊያዝበት አይችልም ነበር። ከሚያዝያ 25 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሚፈጸም ሥራ ግን ጊዜው 10 ዓመት ሆኗል። የአምስት ዓመት ልጅ በዚህ ልክ ዐሥራ አምስት ዓመት ሞልቶት መጫወቻውን ከረሳው በኋላ ነው ይርጋው የሚሞላው።

ጎረቤት በማዘጋጃ ቤት ባይሳካለት በፍርድ ቤት መክሰስ ይችል እንደ ሆነ የሚጠይቅ ይኖራል። በዚህ ረገድ በሎንዶን ቴት ሞደርን በሚባለው የሥዕል ቤተ መዘክር ላይ የተሰጠው ፍርድ ሊታወቅ የሚገባው ነው። ቤተ መዘክሩ እ.ኤ.አ. በ2016 በዐሥረኛው ፎቅ ላይ ለሕዝብ መመልከቻ ሰገነት ከፈተ። በአጠገቡ ግድግዳቸው መስተዋት በሆነ ቤቶች የሚኖሩ ሰዎች፥ በየዓመቱ በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ጎብኝ ሳሎናችንን እየተመለከተና ፎቶግራፍ እያነሣ አላስቀመጠንም ብለው ከሰሱ። በሁለት ፍርድ ቤቶች ተረቱ። ነገር ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በየካቲት 1 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ሦስት ዳኞች በሁለት በልጠው ለነዋሪዎቹ ፈረዱላቸው። የፍርዱ መሠረት እንዲህ ነው፦ ሰው መሬቱን በተለመደው መንገድ ጎረቤቱንም እያሰበ ሲጠቀምበት ጎረቤቱ ሊታገሠው ይገባል፤ እርሱም በተራው ይህንኑ ትዕግሥት ይጠብቃልና። ሕዝብን ሁሉ እየጋበዙ ወደ ሰው ሳሎን ማሳየት ግን የተለመደ የመሬት አጠቃቀም አይደለም። ፍርዱ የተሰጠው ስለ ልጆች መጫወቻ አይደለም። ሆኖም በዚህ ሚዛን ቢመዘን፥ በጓሮ ውስጥ ልጅን ማጫወት ከተለመደው አጠቃቀም ዋነኛው መሆኑን መካድ ያስቸግራል።

ስለ ጩኸትም ቢሆን እንደዚሁ ነው። የጀርመን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2011 ሕጉን አሻሽሎ፥ ከመዋዕለ ሕፃናትና ከመጫወቻ ሜዳ የሚመጣ የልጆች ድምፅ እንደ ደንቡ ጎጂ ሁከት ተብሎ እንዳይቆጠር አድርጓል። የእኛም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ላይ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈውን ጢስ፥ ሽታና ጩኸት ይከለክላል እንጂ ድምፅ ሁሉ ጥፋት ነው አይልም።

በእንግሊዝ አገር የሚኖር አባት ከሁሉ ይልቅ ሊያስብበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ቤቱን የሚሸጥ ሰው ለገዢው በሚሞላው የመረጃ ወረቀት ላይ ከጎረቤት ጋራ ክርክር ነበረ ወይ ተብሎ ይጠየቃል፤ ደብቆ ቢገኝም ገዢው ሊከሰው ይችላል። ስለዚህ በሁለት ሳንቃ ምክንያት የተነሣ ጠብ ልጆቹ አድገው ከሄዱ በኋላ እንኳ ከቤቱ ጋራ ይቀራል። ለአቤቱታ ብዕሩን ያነሣው ጎረቤትም ቤቱን በሸጠ ጊዜ ይኸው ጥያቄ ይጠብቀዋል።

መጫወቻውን ገና ያልተከለ ሰው እንዲህ ቢያደርግ ይቀለዋል። ሥዕሉን ይዞ የጎረቤቱን በር ያንኳኳ፤ ማማውንም ከአጥሩ አርቆ፥ መውጫው ወደ ራሱ ቤት እንዲመለከት አድርጎ፥ በጎረቤት በኩል ያለውን ጎን በሳንቃ ይግጠመው። ከዚያም ወለሉ ላይ ወጥቶ፥ በልጁ ቁመት ልክ ተንበርክኮ፥ ዙሪያውን ይመልከት። የሚታየው የጎረቤቱ የምሳ ገበታ ከሆነ፥ ሲሚንቶው ሳይፈስ ሁለት ሜትር ያሽሸው።