ለተሻሻለ የእጅ ባትሪ የሚሆን የሊትየም ድንጋይ እንዴት ይመረጣል?

በቃሉ ወረዳ ቆላማ ቀበሌዎች ማሽላ ፍሬ ከያዘበት ጊዜ አንሥቶ እስኪታጨድ ያሉት ሳምንታት የአርሶ አደሩ እንቅልፍ የሚያጥርባቸው ናቸው። ቀን ዝንጀሮና ወፍ፣ ሌሊት ከርከሮና ጃርት ማሳውን ይፈታተኑታል። ማማ ላይ ለሚያድር ጠባቂ ዐይኑ የእጅ ባትሪው ነው። የከተማው ነዋሪም ከዚህ የተለየ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ደሴና ኮምቦልቻ መብራት ተቋርጦባቸው በነበረበት ወቅት፣ በእጅ የሚያዝ ብርሃን ለአንድ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ በተግባር ታይቷል።

ሁለትና ሦስት ትልልቅ ደረቅ ድንጋይ የሚጎርሰው የጥንቱ የቆርቆሮ ባትሪ ቀስ በቀስ ቦታውን በቻርጅ ለሚሠራው እየለቀቀ ነው። ራዲዮና ሞባይል የሚጠግኑ ባለሙያዎችም የደከመውን አምፑል አውጥተው ኃይለኛ የኤልኢዲ አምፑል በመግጠም፣ ተራውን የእጅ ባትሪ ማሳ ከዳር እስከ ዳር ወደሚያሳይ ባውዛ ይለውጡታል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አምፑሉ ይቀየራል፤ ኃይል የሚሰጠው ድንጋይ ግን የነበረው ይቀራል፤ አለዚያም ከገበያ በተገኘው ይተካል።

በአብዛኞቹ ባትሪዎች ውስጥ የሚገባው የሊትየም ድንጋይ 18650 ተብሎ ይጠራል። ስሙ ልኩን የሚናገር ነው፤ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት፣ የመጨረሻዋ ዜሮ ደግሞ ክብ ዘንግ መሆኑን ታመለክታለች። የሊትየም አዮን ባትሪን ሶኒ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሆን፣ ለሥራው መሠረት የጣሉት ጆን ጉድኢናፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ቴስላ የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ መኪናውን ያንቀሳቀሰው 6,831 እንዲህ ያሉ ድንጋዮችን በአንድ ላይ አስሮ ነው። ስለዚህ በማሽላ ማሳ ውስጥ የሚበራው ዕቃ መጫወቻ አይደለም።

ገዢን በቀላሉ የሚያሳስተው በልባሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ድንጋዩ የሚይዘውን ኃይል በሚሊ አምፔር ሰዓት የሚገልጽ ሲሆን፣ 9,900 የሚል ጽሑፍ ያለበት 18650 በብዙ ገበያዎች ይገኛል። እንዲህ ያለ 18650 የለም። በታወቁ ፋብሪካዎች የሚመረተው ምርጡ እንኳ ከ3,500 ወይም 3,600 ብዙም አያልፍም። ታዲያ 9,900 ከሚለው ይልቅ 2,600 የሚለው እውነተኛ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ቁጥሩ ቢዋሽም ክብደቱ እምብዛም አይዋሽም። ጤናማ 18650 ከ45 እስከ 50 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከ40 ግራም በታች ከሆነ በውስጡ ያለው ቁስ ጥቂት ነው ማለት ነው። የሱቅ ሚዛን ለዚህ አይረዳም፤ የወርቅ ሠሪ ሚዛን ግን በአንድ አፍታ ይለየዋል። ቀጥሎ ቴስተር ያስፈልጋል። ያልተነካ አዲስ ድንጋይ ከ3.4 እስከ 3.7 ቮልት ያሳያል። ከ2.5 በታች ያሳየ ድንጋይ ውስጡ ሊጎዳ ስለሚችል፣ ርካሽ ቢሆንም አለመግዛቱ ይሻላል።

ለተሻሻለ ባትሪ ግን ከሁሉ በላይ የሚወስነው ሌላ ቁጥር ነው፤ ድንጋዩ ሳይጎዳ በአንድ ጊዜ ሊሰጥ የሚችለው የአምፔር መጠን። ሰፊ በርሜል ሁሉ ሰፊ ቧንቧ የለውም። 10 ዋት የሚስብ አምፑል ከአንድ ድንጋይ 2.8 አምፔር ገደማ ይወስዳል፤ ባለ 3,000 ድንጋይ ይህን ለአንድ ሰዓት ያህል ያበራዋል። አምፑሉ 30 ዋት ሲሆን ፍላጎቱ ከ8 አምፔር ያልፋል፤ ጊዜውም ከ20 ደቂቃ ብዙ አይዘልም። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ድንጋይ አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ አልተሠራም። ብዙ የሚይዘው ባለ 3,400 የፓናሶኒክ ድንጋይ እንኳ ያለማቋረጥ የሚሰጠው ከ5 እስከ 7 አምፔር ነው። በአንጻሩ ሳምሰንግ 25አር የሚይዘው 2,500 ብቻ ሲሆን 20 አምፔር መስጠት ይችላል። ስለዚህ ለኃይለኛ ባውዛ ብዙ ከሚይዘው ይልቅ ብዙ የሚሰጠው ተመራጭ ይሆናል። የታወቁ ስሞችም ቢሆኑ በልባስ ብቻ እንደሚመሰሉ መርሳት አይገባም።

ከዚህ የሚሻለው መንገድ ጭነቱን ማካፈል ነው። ሦስት ድንጋዮች አዎንታዊው ከአዎንታዊ፣ አሉታዊው ከአሉታዊ ጋር ጎን ለጎን ሲያያዙ፣ ያው 30 ዋት ከእያንዳንዳቸው ከ3 አምፔር በታች ይወስዳል፤ ብርሃኑም ወደ አንድ ሰዓት ይደርሳል። ከመያያዛቸው በፊት ግን ቮልታቸው እኩል መሆን አለበት፤ አለዚያ የሞላው ወደ ባዶው በኃይል ይፈስሳል። በተከታታይ፣ አንዱ ከሌላው ጭራ ሲገቡ ደግሞ አደጋው የተለየ ነው። ደካማው ቀድሞ ያልቃል፤ ብርቱው መግፋቱን ሲቀጥል ደካማው በተገላቢጦሽ ይሞላና ይሞቃል። በተዘጋ የብረት ቱቦ ውስጥ ይህ ከፍንዳታ የሚለይ አይሆንም። አሮጌና አዲስ፣ ወይም የተለያየ ስም ያላቸውን ድንጋዮች መደባለቅ ክልክል ነው የሚባለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከተበላሸ የሶላር መብራት የወጣ ድንጋይ ለብቻው መጠቀስ ይኖርበታል። ብዙዎቹ የሶላር መብራቶች የሚጠቀሙት ሊትየም ፎስፌት የተባለውን ዐይነት ነው። መልኩና ልኩ ከሌላው 18650 ጋር አንድ ቢሆንም፣ መደበኛ ቮልቱ 3.2 ነው፤ ሲሞላም ከ3.65 ማለፍ የለበትም። እስከ 4.2 ቮልት በሚሞላው የተለመደ ቻርጀር ውስጥ ከገባ ይጎዳል። በራሱ ግን መጥፎ አይደለም፤ ኃይሉ ቢያንስም ሙቀትን የተሻለ ይቋቋማል፣ ዕድሜውም ረዥም ነው።

የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ሰዎች መከላከያ የሌላቸውን ነጠላ 18650 ድንጋዮች እየገዙ እንዳይጠቀሙ አስጠንቅቋል። አምራቾቹ እነዚህን የሚሠሩት በፋብሪካ በተገጣጠመ ጥቅል ውስጥ እንዲገቡ ነውና። መከላከያ ያለው ድንጋይ በጭራው ላይ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ስላለው ከሌላው ጥቂት ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ከመጠን በላይ ሲሞላ፣ ሲያልቅ ወይም ሽቦ ሲነካካ ራሱን ይዘጋል። ለማማ ጠባቂና ለቤተሰብ የሚመከረው ይኸው ነው። ጉድለቱ ለ30 ዋት የሚበቃ አምፔር ላይሰጥ መቻሉ ነው፤ ያኔ መቀነስ ያለበት አምፑሉ ነው። 10 ዋት ለአንድ ማሳ አያንስም።

ከሐረጎ ጠመዝማዛ በላይና በታች ያለው የአየር ጠባይም ልዩነት ያመጣል። እንደ ጉጉፍቱ ባሉ ደጋማ ቦታዎች ውርጭ የነካውን ድንጋይ ወዲያው ቻርጅ ማድረግ አይገባም፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲሞላ ሊትየሙ ውስጡ ይጋገርና ዳግም አይመለስም። በብርዱ መብራቱ ቶሎ መድከሙ ግን ጊዜያዊ ነው፤ ብብት ውስጥ ማሞቅ ይበቃል። በኮምቦልቻና ከዚያ በታች ባለው ቆላ ጠላቱ ሙቀት ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሙሉ ሆኖ የሚከርም ድንጋይ ቶሎ ያረጃል፤ ለወራት ለማስቀመጥ ግማሽ ድረስ ሞልቶ ጥላ ውስጥ ማኖር ይሻላል። ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር በአንድ ኪስ መያዝ ግን በየትኛውም አየር አደገኛ ነው።

የስልክ ባትሪ ሲበላሽ ያብጣል፤ ሰውም አይቶ ይጥለዋል። 18650 የብረት ቆርቆሮ ስለለበሰ እብጠቱ አይታይም። ምልክቶቹ ቻርጅ ላይ እያለ እጅ የማያስነካ ሙቀት፣ የሚጣፍጥ ዐይነት የኬሚካል ሽታና የማፏጨት ድምፅ ናቸው። ሽታው ወይም ድምፁ ከተጀመረ በእጅ አይያዝም፤ ከተቻለ ከሰኩ ተነቅሎ፣ ሰው ከጭሱ ይርቃል። እሳት ከያዘ ብዙ ውሃ ማፍሰስ የቀረውን ያቀዘቅዛል። እንዲህ የሞቀ ድንጋይ በኋላ በርዶ ቢያበራም፣ ተመልሶ ባትሪው ውስጥ አይገባም።