ስላቅ ልደታ ችሎት ሲቀርብ

ልደታ ሲባል አንዱ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ሌላው ኮንዶሚኒየሙን ያስታውሳል። ፖለቲካ ለሚከታተል ሰው ግን ልደታ ማለት ፍርድ ቤት ነው፤ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ። «ኢንተርኔት ላይ የሚለቀቅ የፖለቲካ ስላቅ በእውነት ለውጥ ያመጣል ወይ?» ብላችሁ ስትጠይቁኝ ቀድሞ የመጣልኝ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ በ19ኛው ወንጀል ችሎት የታየ አንድ መዝገብ ነው፤ የዞን 9 ጦማሪያን መዝገብ። ስላቅ እንዴት እንደሚሠራና ምን እንደሚያስከፍል ከዚህ አጥርቶ የሚያሳይ የአገራችን ታሪክ አላውቅም።

ነገሩ የሚጀምረው ከስሙ ነው። የቃሊቲ እስር ቤት በዚያን ጊዜ በስምንት ዞኖች የተከፈለ ነበር። ጋዜጠኞቹ ርዕዮት ዓለሙና እስክንድር ነጋ የታሰሩት እዚያ ነው። የእስረኞቹን ወሬ በቅርብ ይከታተሉ የነበሩ ወጣቶች በግንቦት 2004 ዓ.ም. ጦማር ሲከፍቱ «ዞን 9» አሉት። ከስምንቱ ዞኖች አጥር ውጭ ያለው አገር፣ እኔም እናንተም የምንኖርበት፣ ዘጠነኛው ዞን ነው ማለታቸው ነበር። መፈክራቸው ደግሞ «ስለሚያገባን እንጦምራለን» የሚል ነው።

እስቲ ስሙን ጠጋ ብለን እንየው። ስድብ የለበትም፤ የባለሥልጣን ስም አልተነሣበትም፤ ለአመፅ የሚጠራ ቃል አይገኝበትም። ያለው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ቀሪውን ሥራ የሚሠራው አንባቢው ነው። ስምንቱን ያውቃል፣ ዘጠነኛው የቱ ነው ብሎ ይፈልጋል፣ ከዚያ ራሱን እዚያው ውስጥ ያገኘዋል። ተረድቶ ፈገግ ባለባት ቅጽበት ከተመልካችነት ወጥቶ የዞኑ ነዋሪ ሆኗል። ስላቅ ሰው የሚሰበስበው በዚህ መንገድ ነው፤ ሰሚው ካልጨረሰው አይሞላም፣ የጨረሰው ሰው ደግሞ የራሱ ያደርገውና ለጓደኛው ያቀብለዋል። የአለቃ ገብረ ሐና ቀልዶች ማተሚያ ቤት ሳያስፈልጋቸው ከትውልድ ትውልድ የተሻገሩት እንዲሁ ነው። ፌስቡክ ፍጥነት ጨመረበት። ከፍጥነቱ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው፤ አንድ ሰው በአንድ ነገር ሲስቅ አብረውት የሳቁትን ሰዎች ስምና ፎቶ ማየት ቻለ። እንዲህ የማስበው እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ዝም ያለ ሰው ብዙ እንደሆኑ የሚያውቀው ያኔ ነው።

እዚህ ላይ እንዳላሳስታችሁ፣ ዞን 9 የቀልድ ቤት አልነበረም። አብዛኛው ጽሑፋቸው ቁም ነገር ያዘለ ሐተታ ነው። ሳቅን ዋና ሥራው ያደረገ ሰው ካላችሁ በጋዜጣ ዐምዱ የታወቀውንና በ2004 ዓ.ም. አገር ጥሎ የወጣውን አቤ ቶኪቻውን ማንሣት ይሻላል፤ እሱ ከተሰደደ በኋላም በኢንተርኔት መጻፉን ቀጥሏል። የዞን 9 ልጆች ስላቅ ያለው በሌላ ቦታ ነው። መንግሥት የሚናገረውን ቃል እንደ ቃሉ ወስደው «እሺ፣ ይፈጸም» ማለታቸው ላይ ነው። ካካሄዷቸው የኢንተርኔት ዘመቻዎች አንዱ «ሕገ መንግሥቱ ይከበር» ይባል ነበር። አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ይሰጣል፣ ቅድመ ምርመራንም ይከለክላል፤ አንቀጽ 30 የመሰብሰብና ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግ መብትን ያስቀምጣል። እነሱ እነዚህን አንቀጾች ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ አነበቡ። የተጻፈውና የሚኖረው ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንባቢው ልዩነቱን ራሱ ያያል። በእኔ ግምት ከማናቸውም ፌዝ ይልቅ የሚወጋው ይህ ነው፤ ባለሥልጣኑ «ይህን አላልኩም» ሊል አይችልምና።

ስላቅ የገጠመው መንግሥት የሚገባበትን አጣብቂኝ ደግሞ ከሰርቢያ ምሳሌ ልንገራችሁ። ኦትፖር የተባለው የወጣቶች ንቅናቄ የአገሪቱን መሪ የሚሎሶቪችን ፊት በበርሜል ላይ ሥሎ ቤልግሬድ ውስጥ ሰው በሚበዛበት የገበያ መንገድ አቆመው። አላፊ አግዳሚው ሳንቲም ከትቶ በርሜሉን በዱላ ይመታል። ፖሊስ ምን ያድርግ? ዝም ቢል ሕዝቡ መሪውን ሲደበድብ ይውላል። ወጣቶቹ ገለል ብለው ስለነበር የሚያዝ ሰው አልተገኘም፤ በመጨረሻ ፖሊሶቹ በርሜሉን ራሱን ጭነው ሄዱ። ያ ፎቶ አገሩን አዳረሰው። ሚሎሶቪች በ2000 እ.ኤ.አ. ከሥልጣን የወረደው በበርሜል ምክንያት አይደለም፤ ሰው እሱን መፍራት ካቆመባቸው ቀናት አንዱ ግን ያ ቀን ነበር።

ወደ ልደታ እንመለስ። ጦማሩ በተከፈተ ብዙም ሳይቆይ በአገር ውስጥ እንዳይታይ ተዘጋ። ጦማሪያኑ ክትትል ሲበዛባቸው ለወራት ዝም አሉ። ሚያዝያ 15 ቀን 2006 ዓ.ም. «ተመልሰናል» ብለው አስታወቁ። ከሁለት ቀን በኋላ እስሩ ጀመረ። ስድስት ጦማሪያን፣ በፍቃዱ ኃይሉ፣ አጥናፍ ብርሃነ፣ ናትናኤል ፈለቀ፣ ማኅሌት ፋንታሁን፣ ዘላለም ክብረትና አቤል ዋበላ፣ ከሦስት ጋዜጠኞች፣ ከአስማማው ኃይለጊዮርጊስ፣ ከተስፋለም ወልደየስና ከኤዶም ካሳዬ ጋር ማዕከላዊ ወደሚባለው የፖሊስ ምርመራ እስር ቤት ገቡ። ሐምሌ ላይ በፀረ ሽብር አዋጅ 652/2001 ተከሰሱ፤ ውጭ አገር የነበረችው ሶልያና ሽመልስ በሌለችበት ተከሰሰች።

ክሱ ውስጥ ከተነሡት ነገሮች አንዱ «ሴኩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» በተባለ ነገር መሠልጠናቸው ነው። ስሙ ያስፈራ ይሆናል። ይህ ግን ማንም ሰው ከኢንተርኔት በነፃ የሚያገኘው መመሪያ ነው፤ ጠንካራ የይለፍ ቃል እንዴት እንደሚመረጥ፣ ኢሜይል እንዴት ከሰላይ እንደሚጠበቅ ያስተምራል። ከክሱ በኋላ ወንዶቹ ወደ ቂሊንጦ እስር ቤት፣ ማኅሌትና ኤዶም ወደ ቃሊቲ ተላኩ። አዎ፣ ወደዚያው ቃሊቲ። ዘጠነኛውን ዞን ከሰየሙት አንዷ ማኅሌት ከስምንቱ ወደ አንዱ ስትዛወር ስሙን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ትርጉሙን ጠየቀ። ስላቅ የሚከስ መንግሥት የሚወድቅበት ጉድጓድ ይህ ነው፤ እስሩ ራሱ የስሙ ማብራሪያ ሆነ።

ኢንተርኔት ላይ የነበረው ማኅበረሰብም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ሰዎች የገጻቸውን ፎቶ በእስረኞቹ ፎቶ ቀየሩ፤ ግሎባል ቮይስስ የተባለው ዓለም አቀፍ የጦማሪያን መረብ በየቋንቋው የትዊተር ዘመቻ አካሄደ፤ የችሎቱን ውሎ እየመዘገበ የሚያወጣ ገጽ ተከፈተ። ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ሲደራረብ ልደታ ግቢ የሚገኘው ቤተሰብ ብቻ አልነበረም።

በሐምሌ 2007፣ ባራክ ኦባማ አዲስ አበባ ሊገቡ ሳምንታት ሲቀሩ፣ የአምስቱ ክስ ተነሥቶ ተፈቱ። ጥቅምት 5 ቀን 2008 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ የቀሩትን ከሽብር ክሱ ነፃ አላቸው፤ በፍቃዱ ብቻ በሌላ የወንጀል አንቀጽ እንዲከላከል ተበይኖበት በዋስ ወጣ። በዚያው ዓመት ቡድኑ የዓለም አቀፉን የጋዜጠኞች ተሟጋች ድርጅት፣ የሲፒጄን፣ የፕሬስ ነፃነት ሽልማት አገኘ። ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ ነገሩ ቀጠለና መዝገቡ ጨርሶ የተዘጋው በየካቲት 2010 ነው። ከእስሩ ወዲህ አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ማለት ነው።

ታዲያ ለውጡን ስላቁ አመጣው? አይመስለኝም። በ2010 የእስር ቤቶቹን በሮች የከፈተው በኦሮሚያና በአማራ አደባባይ የወጣው ሕዝብ ነው፤ ብዙዎች ሕይወታቸውን ከፍለውበታል። ስላቁ ያደረገው ከዚያ በፊት ያለውን ሥራ ነው። ሊነገር የማይደፈረውን የሚናገርበት ቃል ለሰው ሰጠ፤ የማይተዋወቁ ሰዎችንም አስተዋወቀ።

ዛሬ በየስልካችን የሚመጣውን ሳቅ ሁሉ ግን ከዚህ ጋር አንድ ላይ አታስቀምጡት። ከ2010 ወዲህ በፌስቡክና በቲክቶክ ብዙ የሚሳቅበት ሥልጣን ያለው ሰው መሆኑ ቀርቶ የጎረቤት ቋንቋና ዘር ሆኗል። ያ ስላቅ አይባልም፤ ሰውን ለጥቃት ማመቻቸት ነው፤ በዚህ ላይ ልዝብ መሆን አልፈልግም። መንግሥት የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ 1185/2012ን ያወጣው ይህን ልገታበት ብሎ ነው። በሌላ በኩል ኃያላን ላይ የሚስቅ ሰው ዛሬም ዋጋ ይከፍላል። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ የፕሬዚዳንት ሩቶን ጥቁር የጥላ ምስል በካርቱን እየሠራ የሚለቅቀው ኪቤት ቡል በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ታፍኖ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው የተገኘው።

ከልደታው መዝገብ ሰዎች አንዱ በፍቃዱ ኃይሉ ከእስሩ በኋላ ካርድ የተባለ የመብቶችና የዴሞክራሲ ድርጅት መሠረተ። ድርጅቱ ከሚሠራባቸው ጉዳዮች መካከል ይኸው የኢንተርኔት ጥላቻና ሐሰተኛ መረጃ ይገኛል። በኅዳር 2017 የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ካርድን አገደው፤ እገዳው የተነሣው ከወራት በኋላ ነው።