አልነሳ ያለ ላፕቶፕ ምን ይላል?

የላፕቶፕን ማብሪያ ስንጫን ቀድሞ የሚነቃው ዊንዶውስ አይደለም። ከጥፍር በማትበልጥ፣ ማዘርቦርዱ ላይ በተበየደች ቺፕ ውስጥ የሚኖር ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ባዮስ ይባላል። ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ተሰባስበው ዩኢኤፍአይ የተባለውን ተተኪ ማስፋፋት ከጀመሩ ወዲህ በአዳዲሶቹ ማሽኖች ላይ ስሙ በወረቀት ተቀይሯል፤ ባለሙያውም ተጠቃሚውም ግን ዛሬም ባዮስ ነው የሚለው። ሥራው ቀላል ነው። ፕሮሰሰሩ አለ? ራሙ ይሠራል? ስክሪኑ ይመልሳል? ኪቦርዱስ? ዲስኩስ? ሁሉም ደህና ሲሆን ዊንዶውስን ከዲስኩ ጠርቶ ማሽኑን ያስረክበዋል። ይህን ፍተሻ ባለሙያዎች ፖስት ይሉታል። በጥቂት ሰከንድ ስለሚያልቅ የሚያመሰግነው የለም።

እኔ ግን ከላፕቶፕ ነገር ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህንን ፍተሻ ነው። ነገሩ ሰላም ሲሆን ዝም ይላል፤ የተበላሸ ነገር ሲያገኝ ደግሞ ስክሪን ባይኖረውም መናገሪያ አያጣም። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ ፍተሻውን ሲያልፍ አንድ አጭር ጢጥ ያሰማ ነበር፤ ደህና ነኝ ማለቱ ነው። ካላለፈ ድምፁ ይለያል። የዛሬዎቹ ላፕቶፖች አብዛኞቹ በድምፅ ፋንታ በመብራት ነው የሚናገሩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን፤ ላፕቶፕ በሽታውን አይደብቅም፤ የቸገረው ሰሚ ነው።

«ላፕቶፔ አይነሳም» የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው የቱ ላይ እንደቆመ ነው። አይነሳም በሚለው ቃል ውስጥ ቢያንስ አራት ችግር አለ። አንደኛው ጨርሶ ነፍስ የለውም፤ መብራትም ፋንም የለም። ሁለተኛው መብራቱ ይበራል፣ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ሦስተኛው የኩባንያውን ዓርማ ካሳየ በኋላ ወይ እዚያው ይቀራል፣ ወይ የሚነሳበት ዲስክ እንዳጣ ጽፎ ይቆማል። አራተኛው ዊንዶውስን ይጀምርና መሃል ላይ ሰማያዊ ስክሪን ያወጣል፣ ወይም ደጋግሞ ከመጀመሪያው ይጀምራል። የመጀመሪያው የኃይል ጉዳይ ነው፤ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የፖስት፤ ሦስተኛው አብዛኛውን ጊዜ የዲስክ ወይም የባዮስ ሴቲንግ፤ አራተኛው በአብዛኛው የዊንዶውስ።

ሁለተኛው ላይ ልቆይ፤ ብዙ ደህና ማሽን «ሞቷል» የሚባለው እዚህ ላይ ነውና።

በብዙዎቹ የዴል ላቲትዩድ ሞዴሎች ፖስት ሲወድቅ የባትሪዋ መብራት በሁለት ቀለም ብልጭ ድርግም ማለት ትጀምራለች። መጀመሪያ ብርቱካንማ፣ ቀጥሎ ነጭ፣ ትንሽ ፋታ፣ ከዚያ እንደገና። ይህ እንዲያው መርበትበት ሳይሆን ቁጥር ነው። ሁለት ብርቱካንማና አንድ ነጭ ከሆነ ችግሩ ፕሮሰሰሩ ጋ ነው። 2 እና 2 ባዮሱ ራሱ ነው። 2 እና 3 ማለት ራም አላገኘሁም ማለት ነው፤ 2 እና 4 ራሙስ አለ፣ ግን አይሠራም። 2 እና 7 ስክሪኑን ይመለከታል። 3 እና 1 ሰዓት የምትጠብቀው የሳንቲም ባትሪ መድከሟን ይናገራል። በኤችፒ ላፕቶፖች ላይ ይህን ሥራ ብዙ ጊዜ የምትሠራው የካፕስ ሎክ መብራት ናት። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የሌኖቮ ቲንክፓድ ነው፤ አዳዲሶቹ ሞዴሎች ስክሪናቸው ጠቁሮ ሲቀር አጭር ዜማ ያሰማሉ፤ ስልክ ላይ የሚጫን የሌኖቮ መተግበሪያ ያንን ዜማ አዳምጦ የብልሽቱን ኮድ ይጽፍልሃል። ይህን ያህል ደክሞ ሊያስረዳን ለሚሞክር ዕቃ እኛ የምንሰጠው መልስ ማብሪያውን ደጋግሞ መደብደብ ነው።

ሰፈራችን ያሉ አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ዴል ላፕቶፓቸውን ይዘውልኝ መጡ። አንድ ጥገና ቤት «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» ብሎ፣ ዕቃውን ለመለዋወጫ እንዲሸጡለትም ጠይቋቸዋል። «ጋሼ፣ እስኪ ማብሪያውን ይጫኑትና መብራቷን አብረን እንቁጠራት» አልኳቸው። ቆጠርን። ሁለት ብርቱካንማ፣ ሦስት ነጭ። ከቻርጀሩ ነቅለን፣ የጀርባውን ክዳን ከፍተን፣ ባትሪውን ለያይተን፣ ራሟን ከቦታዋ አወጣኋት። ወርቃማ ጥርሶቿን በንጹሕ ላጲስ ቀስ አድርጌ ጠርጌ፣ ቀጭ እስክትል መልሼ ሰካኋት። ማሽኑ ተነሳ። መምህሩ ደስታቸው ቶሎ ወደ ንዴት ተለወጠ፤ «ታዲያ ያ ልጅ መቁጠር አይችልም ነበር?» አሉኝ። በትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምሩ ሰው ናቸውና ፈረድኩላቸው።

እዚህ ላይ ትዕግሥት የሌላቸውን ልገሥጽ። ራም ከተነካ በኋላ አዳዲሶቹ ማሽኖች መጀመሪያ ሲነሱ ራሙን እንደ አዲስ ይለማመዱታል፤ ስክሪኑ ለአንድ ደቂቃና ከዚያም በላይ ጥቁር ሆኖ ሊቆይ ይችላል። በዚያች ደቂቃ ውስጥ ማብሪያውን ተጭኖ የሚያጠፋ ሰው ማሽኑን እንደ አዲስ ያስጀምረውና «አሁንም እንደዚያው ነው» ይላል። ተቀመጥ፤ ቡናህን ጠጣ።

ጥቁር ስክሪን ሁልጊዜ የፖስት ውድቀት ነው ማለትም አይደለም። ማሽኑ ተነስቶ ስክሪኑ ብቻ ሊሆን ይችላል የታመመው። ብዙ የዴል ላፕቶፖች ላይ የዲ ቁልፍን ይዞ ማብሪያውን መጫን ስክሪኑን ለብቻው ይፈትነዋል፤ ሙሉ ቀለማት እየተፈራረቁ ከመጡ ስክሪኑ ደህና ነው። ለሌሎቹ ደግሞ ኤችዲኤምአይ ገመድና የሳሎን ቴሌቪዥን ይበቃል። ቴሌቪዥኑ ላይ ምስል ከመጣ ፋይሎችህ በሰላም ናቸው፤ ጭንቀትህ የስክሪኑ ወይም የውስጥ ገመዱ ዋጋ ብቻ ነው።

ጨርሶ ለማይበራው ብዙ የምለው የለኝም። ሌላ ሶኬት፣ ሌላ ቻርጀር ሞክር። ሀገራችን የሚመጣው 220 ቮልት ለላፕቶፕ ቻርጀር ችግር አይደለም፤ ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ተብሎ የተጻፈው ለዚያ ነው። የሚጎዳው መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ ግፊት ነው፤ መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን መንቀል ገንዘብ አይጠይቅም። ከዚያ ቻርጀሩንም ባትሪውንም አላቅቀህ ማብሪያውን ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭነህ ያዝ፤ በውስጡ የቀረው ኃይል ይፈሳል። ይህች ነፃ ዘዴ የምታስነሳው ላፕቶፕ ብዛት ያስገርማል። ባትሪው አብጦ ከሆነ ግን ምንም አትሞክር፤ ኃይል ሳትሰካ ለባለሙያ አድርስ።

አሁን ወደ ዋናው ቁጣዬ ልምጣ፤ ፎርማት። ላፕቶፕ አልነሳ ባለ ቁጥር «ፎርማት ይደረግ» የሚል ምክር እንደ ጸበል ይታዘዛል። ፎርማት የሚነካው ዲስኩ ላይ ያለውን ሶፍትዌርና ፋይል ብቻ ነው። ከአራቱ ችግሮች ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ላይ ምንም አይፈይድም፤ በሦስተኛውም ዲስኩ ራሱ እየሞተ ከሆነ የቀረውን ፋይል ያስጨርሳል። በአራተኛው እንኳ የመጨረሻው መንገድ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

ምስክር ከፈለጋችሁ ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.ን አስታውሱ። ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደህንነት ኩባንያ የላከው አንድ የተበላሸ ፋይል በዓለም ዙሪያ ዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ሰማያዊ ስክሪን ላይ ጣላቸው፤ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ያህል። አየር መንገዶች በረራ ሰረዙ፣ ሆስፒታሎች ቀጠሮ አስተላለፉ። ማሽኖቹ ከመሬት የማይነሱ ይመስሉ ነበር። መፍትሔው ግን በሴፍ ሞድ አስነስቶ ያንን አንድ ፋይል ማጥፋት ሆነ። የእኛ ሰፈር ምክር ቢሰማ ኖሮ ያ ሁሉ ኮምፒውተር ፎርማት ተደርጎ ነበር።

ዊንዶውስ 10 እና 11 በተከታታይ መነሳት ሲያቅታቸው በራሳቸው የጥገና ገጽ ይከፍታሉ። እዚያ ውስጥ ስታርትአፕ ሪፔር አለ፣ ሴፍ ሞድ አለ፣ በቅርብ የተጫነን አፕዴት መመለሻ አለ። እነዚህን ሳይሞክር የፎርማት ፍላሹን የሚሰካ ባለሙያ ቸኩሏል። ገጹ 48 አሃዝ ያለው የቢትሎከር ቁልፍ ከጠየቀህ አትደንግጥ፤ ዲስክህ ተቆልፏል ማለት ነው፤ ቁልፉ ብዙ ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንትህ ውስጥ ተቀምጧል። ጊዜ ሳለ አሁኑኑ ገብተህ በወረቀት ገልብጠው።

አንዲት ጭማሪ፤ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ብዙ ላፕቶፖች ላይ ሻት ዳውን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አይደለም። በፍጥነት ለመነሳት ሲባል የስርዓቱ እምብርት ዲስክ ላይ ተቀምጦ ያድራል፤ የትናንቱ ስህተትም አብሮት ያድራል። ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ የሚያስነሳው ሪስታርት ነው። «አጥፍቼ አብርቼዋለሁ፣ ለውጥ የለም» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ እውነት አላቸው፤ አላጠፉትም እንጂ።

እንግዲህ ላፕቶፓችሁን ለጥገና ስትሰጡ ባለሙያውን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፤ ፍተሻው የቱ ላይ ቆመ? ኃይል፣ ፖስት፣ ዲስክ ወይስ ዊንዶውስ ብሎ ከነምክንያቱ ከመለሰ ስጡት። ሳያየው «ፎርማት ነው» ወይም «ማዘርቦርድ ነው» ካለ ላፕቶፑን ይዛችሁ ውጡ፤ ሌላ ጥገና ቤት አለ።