ፈቃድ ያልጠየቀ ካሜራ

ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ ሥራ ላይ የዋለው የሆሊውድ የሄይስ ደንብ የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን ከፊልም አግዶ ኖሯል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ደንቡ በ1968 ቢነሣም ልማዱ ቶሎ አልተነሣም፤ ተመሳሳይ ጾታን የሚያፈቅር ሰው ሸራው ላይ ብቅ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ወይ መሳለቂያ፣ ወይ ነፍሰ ገዳይ፣ ወይ ፊልሙ ሳያልቅ የሚሞት ነበር። ሙሉ ሰው ሆኖ የታየው ከስቱዲዮ ርቀው በጥቂት ገንዘብ በተሠሩ ፊልሞች ነው።

መንገዱን የጠረጉት ዋጋ ከፍለዋል። ኬኔት አንገር በ1947 የሠራው አጭር ፊልም «ፋየርወርክስ» የብልግና ክስ አስከትሏል። በ1964 የኒውዮርክ ፖሊስ የጃክ ስሚዝን «ፍሌሚንግ ክሪቸርስ» ወርሶ ፊልሙን ያሳየውን ዮናስ ሜካስን አሰረ።

የእንዲህ ያሉ ፊልሞች ማዕበል የተነሣው በኤድስ ዘመን ነው። ወጣት ፊልም ሠሪዎች ጓደኞቻቸውን ተራ በተራ ሲቀብሩ የአሜሪካ መንግሥት እጁን አጣጥፎ ቆየ። ስለዚህ ጨዋ ገጸ ባሕርይ ፈጥሮ የተመልካችን ርኅራኄ መለመን ትርጉም አጣባቸው። በ1991 የቶድ ሄይንስ «ፖይዘን» የሰንዳንስ ፌስቲቫልን ዋና ሽልማት ወሰደ። በማግስቱ ዓመት ቶም ካሊን በ«ስዉን» ሁለት ፍቅረኛሞች በ1924 ቺካጎ የፈጸሙትን ግድያ ሳያለዝብ አሳየ፤ ግሬግ አራኪ ደግሞ በ«ዘ ሊቪንግ ኤንድ» የኤድስ ቫይረስ በደማቸው ያለ ሁለት ወንዶችን በቁጣ ጉዞ አስጀመራቸው። ሐያሲዋ ሩቢ ሪች በዚያው በ1992 ማዕበሉን «ኒው ኩዊር ሲኒማ» አለችው።

ድፍረቱ በታሪኩ ብቻ አልነበረም፤ በአሠራሩም ነበር። ማርሎን ሪግስ «ታንግስ አንታይድ» በተባለው የ1989 ሥራው የጥቁር ጌይ ወንዶችን ሕይወት በግጥም፣ በዳንስና በምስክርነት አዋሕዶ አቀረበ። ፊልሙ በ1991 በሕዝብ ቴሌቪዥን ሊተላለፍ ሲል በርካታ ጣቢያዎች እምቢ አሉ፤ ፖለቲከኞችም የግብር ገንዘብ ለዚህ ዋለ ብለው ጮኹ። ሼሪል ዱንዬ በ«ዘ ዋተርሜለን ውማን» (1996) በቤተ መዛግብት ያልተገኘችውን ጥቁር ሌዝቢያን ተዋናይት ራሷ ፈጠረቻት፤ ፎቶግራፍና የሕይወት ታሪክም ሰጠቻት።

ከሁሉ ልብ የሚነካው የእንግሊዛዊው የዴሬክ ጃርማን «ብሉ» ነው። ጃርማን በኤድስ ሳቢያ የዓይኑ ብርሃን እየጠፋ ሳለ በ1993 የሠራው ይህ ፊልም ለ79 ደቂቃ ከአንድ ሰማያዊ ቀለም ሌላ አያሳይም። የሚሰማው ድምፅ፣ ሙዚቃና ትዝታ ነው። ተመልካቹ ዓይኑ ተከፍቶ ሳለ ከፊልም ሠሪው ጋር ይታወራል። ጃርማን በማግስቱ ዓመት አረፈ፤ ሪግስም እንዲሁ።

ጉዳዩ የምዕራቡ ዓለም ብቻ አይደለም። የጊኒው መሐመድ ካማራ ስለዚሁ ፍቅር «ዳካን»ን በ1997 ሠርቷል። የዋኑሪ ካሂዩ «ራፊኪ» በ2018 ለካን ፌስቲቫል የተመረጠ የመጀመሪያው የኬንያ ፊልም ሲሆን በገዛ አገሩ ታገደ። በመስከረም ወር ፍርድ ቤት እገዳውን ለ7 ቀን ሲያነሣ የናይሮቢ ሲኒማ ቤት ሞላ። ከአንገር እስከ ካሂዩ እነዚህ ፊልሞች የጠየቁት ይህንኑ ነው፤ ሰው አስቀድሞ ይይ፣ ከዚያ ይፍረድ። ኬንያውያን ያኔ ይህ ዕድል የተሰጣቸው ለአንድ ሳምንት ሲሆን፣ ወንበሩን ሞልተው ተቀመጡ።