ቀይ ቀበሮ፣ ገብስና የአቡነ ዮሴፍ ተራራ

ከላሊበላ ተነስቶ በአሸተን ማርያም በኩል የሚወጣው ዳገት አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ያደርሳል። ከፍታው ከ4,200 ሜትር ይበልጣል። የጓሳ ሳርና ጅባራ በለበሰው በዚህ ውርጭ፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኙት ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖራሉ። ስፍራው ዛሬ በማኅበረሰብ ጥብቅነት ተከልሏል። የጥበቃውን ዋጋ ማን ይክፈል የሚለው ክርክር ግን አላበቃም።

የነገሩ ሥር መሬት ነው። በሰሜኑ ደጋ መሬት በጠበበ ቁጥር የገብስ እርሻ ወደ ላይ ወጥቷል፤ ግጦሹም ተከትሎታል። ቀይ ቀበሮ በዋናነት አይጥ እያደነ ስለሚኖር፣ ጓሳው ሲታረስ ቀለቡም መጠለያውም አብሮ ይሄዳል። በዓለም የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው፤ የሚበዙትም ባሌ ውስጥ ነው። በሰሜን የተረፉት ጥቂቶች በተራራ በተራራ ተቆራርጠው ይኖራሉ። ከጎጃሙ ጮቄ ጨርሶ ጠፍተዋል። ሌላው አደጋ ውሻ ነው፤ ከእረኛ ጋር ወጥቶ የእብድ ውሻ በሽታ ያስተላልፋል። በሽታው ባሌ ላይ በተደጋጋሚ ብዙ ቀበሮ ፈጅቷል። ቁጥራቸው ባነሰበት ተራራ አንድ ወረርሽኝ ዘራቸውን ሊያጠፋ ይችላል።

ገበሬውም ይጎዳል። ጭላዳ ማሳው ውስጥ ይገባበታል፤ ቀበሮም አልፎ አልፎ ግልገል ይነጥቀዋል። ለዚህ ማካካሻ ተደርጎ የታሰበው ቱሪዝም ነበር። በአጎራባቹ መቄት የተጀመረው የማኅበረሰብ ቱሪዝም እንግዳን ገደል አፋፍ ላይ በተሠሩ ጎጆዎች እያሳደረ ገቢውን ለመንደሩ ያስገባ ነበር። ነገር ግን ኮሮና የእንግዳውን እግር አሳጠረው፤ በ2013 ክረምት ላሊበላ የደረሰው ጦርነትና ኋላ የተከተለው ግጭት ደግሞ ገቢውን አነጠፉት።

በሰሜን ሸዋ ያለው የመንዝ ጓሳ ጥብቅ ስፍራ ታሪክ እዚህ ላይ ይጠቅማል። መንዜዎች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ባህላዊ የጋራ መሬት አስተዳደር ሥርዓት ሳሩን ለዓመታት እየዘጉ፣ በጊዜው እየከፈቱ ለክዳን፣ ለገመድና ለግጦሽ ተጠቅመውበታል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም፣ ነዋሪው ኋላ በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን መልሶ አቁሞታል። የጠበቁት ለራሳቸው ሳር ሲሉ ነው፤ ቀበሮውም በዚያው ተረፈ።

ቱሪስት ሲመጣ ብቻ የሚያዋጣ ጥበቃ የአቡነ ዮሴፍን ተራራ አያቆየውም። ሳርን በደንብና በተራ የማጨድ መብትና በየዓመቱ የሚሰጥ የውሻ ክትባት ግን እንግዳ ባይኖርም ለገበሬው ይጠቅማሉ።