ከዜናው በፊት የሚደርሰው ዜማ

ከመቱ ወደ ጋምቤላ የሚወስደው መንገድ ጎሬን አልፎ፣ የቡናውን ጫካ ሲሰነጥቅ ቆይቶ፣ ደጋው አልቆ ወደ ባሮ ሜዳ ቁልቁል ከመውረዱ በፊት አረፍ የሚልባት ከተማ ቡሬ ናት፤ ቀድሞ የቡና ነጋዴዎች በቅሎዎቻቸውን እየነዱ ወደ ወንዙ ወደብ ሲወርዱ ያድሩባት ነበር፤ ኋላም የጭነት መኪና ሾፌሮች ፍሬናቸውን የሚፈትሹባት ሆነች። ክረምቱ ረጅም ነው፤ በጎረቤቷ በጎሬ በዓመት 2000 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይወርዳልና፣ ቆርቆሮው ሲደበደብ ሰውና ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ አይሰማማም። በዚህች ከተማ ያደግን ልጆች፣ ሰማዩ ደምኖ ፀሐይ ስለማትታይ፣ የግድግዳ ሰዓትም የጥቂት ቤቶች ጌጥ ስለ ነበረ፣ ጊዜን የምናውቀው ከራዲዮ ሣጥን በምትወጣ አጭር ዜማ ነበር። ይህች ዜማ በጋዜጠኞች ቋንቋ መለያ ሙዚቃ ትባላለች፤ እኔም ዛሬ ከአንባቢ ጋር ላስተዋውቅ የተነሣሁት ይህንኑ፣ ሁሉ የሚያውቀውን፣ ነገር ግን ቆሞ ያመሰገነው የሌለውን የጥበብ ዘር ነው።

መለያ ሙዚቃ ማለት አንድ የራዲዮ ወይም የቴሌቪዥን ዝግጅት ከመጀመሩ አስቀድሞ፣ ሁልጊዜ ሳይለወጥ፣ ለጥቂት ሰኮንዶች የሚሰማ ዜማ ነው፤ በቴሌቪዥን ሲሆን ደግሞ የዝግጅቱን ርእስ፣ የደራሲውን፣ የአዘጋጁንና የተዋንያኑን ስም ከሚያሳየው የመግቢያ ሥዕል ጋር ተጋብቶ ይመጣል። ዕድሜው አጭር ይሁን እንጂ ግዴታው ብዙ ነው። በጓሮ ያለውን፣ በጎረቤት ቡና የተጠራውን፣ ከብት ሊያስገባ የወጣውን ሰው መጥራት ስላለበት አነሣሡ ብርቱ ይሆናል፤ ከሌላው ዝግጅት ሁሉ መለየት ስላለበት አንድ ጊዜ የሰማው ሰው በማግስቱ ሊያንጎራጉረው የሚችለውን ቀላል ሐረግ ይይዛል፤ አንባቢው አፉን ሲከፍት ደግሞ ስፍራውን መልቀቅ ስለሚገባው ቀስ በቀስ ዝቅ እያለ ከሰው ድምፅ ሥር ገብቶ ይጠፋል። ስለዚህ ከልጅነታችን ጀምሮ ሺህ ጊዜ ሰምተነው ሳለ ፍጻሜውን አንድም ቀን ያልሰማነው ሙዚቃ እርሱ ነው፤ በኅሊናችን ውስጥ እስከ ዛሬ ማስተጋባቱን ያልተወውም፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ስላልተፈጸመ ነው።

ነገሩ ከመሣሪያው ጋር ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ይመስላል እንጂ አሳቡ ለአገራችን ጥንታዊ ነው። አዋጅ ከመነገሩ በፊት በገበያ መካከል ነጋሪት ይጎሰም ነበር፤ ሕዝቡም የአዋጁን ቃል ገና ሳይሰማ በነጋሪቱ ብቻ ሚዛኑን ትቶ፣ ጭነቱን አራግፎ ይሰበሰብ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ሥርዐትም ወንጌል ከመነበቡ አስቀድሞ ዲያቆኑ ከመዝሙረ ዳዊት የተመረጠውን ምስባክ በዜማ ያሰማል፤ ነቅቶ የሚሰማ ምእመንም የዕለቱ ንባብ ወዴት እንደሚያመራ ከምስባኩ ይረዳል። ማኅሌታይ ያሬድ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ብሎ በከፈለው የዜማ ሥርዐት ያደገ ጆሮ፣ ዜማው ሲለወጥ ጾሙ ወይም በዓሉ እንደ ተለወጠ ያለ ሌላ ማስረጃ ያውቃል። በምድጃ ዳር «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የሚመልሰው ሕፃንም እንዲሁ ነው፤ ያችን ቃል ከመለሰ በኋላ ከቀኑ ጨዋታና ከጠቡ ወጥቶ ወደ ሌላ ዓለም ደጃፍ ቀርቧል። እንግዲህ የራዲዮና የቴሌቪዥን መለያ ሙዚቃ የነጋሪቱ፣ የምስባኩና የተረቱ መግቢያ ታናሽ ወንድም ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

በቤታችን የነበረው ራዲዮ ባለ ስድስት ድንጋይ ነበር፤ ድንጋዩ ሲደክም እናቴ ፀሐይ በወጣች ቀን ከበርበሬው አጠገብ በወንፊት ላይ ታሰጣዋለች፣ ለሁለት ለሦስት ማታም ነፍስ ይዘራል። በአጭር ሞገድ የሚላክ ድምፅ ከምድር ተነሥቶ፣ በከፍተኛው ሰማይ በኤሌክትሪክ ከተሞላው የአየር ንብርብር ጋር ተጋጭቶ ወደ ምድር የሚመለስ ነውና እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ ይላል፤ እጅግ ቀጭኑና እጅግ ወፍራሙ ድምፅም በመንገድ ይቀራል። ስለዚህ የሩቅ ጣቢያዎች ሰዓታቸው ከመድረሱ በፊት አንዲት ሐረግ ደጋግመው ይለቃሉ፤ አድማጩም ቁልፉን እንደ ሐኪም በቀስታ እያዞረ፣ በፉጨትና በጩኸት መካከል ያችን ሐረግ ባገኘ ጊዜ እጁን ያቆማል። በመጋቢት 1957 ዓ.ም. የአማርኛ ክፍሉን የከፈተው የጀርመን ድምፅ ለዚህ አገልግሎት የመረጠው፣ ቤትሆቨን ከጻፈው ብቸኛ ኦፔራ፣ ከፊዴልዮ፣ ስለ ወንድማማችነት ከሚዘመርበት ስፍራ የተወሰደች ጥቂት ኖታ ነበር፤ የምትመታውም ሰለስታ በሚባል፣ እንደ ትናንሽ ደወሎች በሚጮህ መሣሪያ ነው። ምርጫው በዕውቀት የተደረገ ነው፤ የደወል ድምፅ ዝናብንና የሞገድ ሁከትን ሰንጥቆ ያልፋልና። እናቴ ፊዴልዮ የሚባል ነገር ሰምታ አታውቅም፤ ነገር ግን ያች ደወል እንደ ተሰማች ከምድጃው ቀና ሳትል «ልጄ፣ ጀርመን ገብቷል፤ አባትህን ጥራልኝ» ትለኝ ነበር። አባቴም ከጎረቤት ሲመጣ ብቻውን አይመጣም፤ ራዲዮ የሌላቸው ሁለት ሦስት ሰዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ይከተሉታል፣ ደጃፉ ላይም ጫማቸውን ከጭቃው ያራግፋሉ። ኋላ በመቱ የመካከለኛ ሞገድ ማሰራጫ ከተተከለ ወዲህ የአዲስ አበባው ድምፅ እንደ ጎረቤት ጥሪ ጠርቶ ይደርሰን ጀመር።

በዚያው በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ሥራውን ጀመረ፤ እነሆ ሁለቱ ድምፆች፣ የሩቁና የቅርቡ፣ የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው። ቴሌቪዥኑ ካየው ዘመን ሁሉ ከፍ ያለው መለያ ዜማ ብሔራዊ መዝሙሩ ነበር፤ በእርሱም የአገሪቱ ታሪክ እንዳለ ይሰማል። መጀመሪያ የነበረው፣ ከአርባዎቹ የአርመን ልጆች ጋር ወደ አገራችን የመጡት ኬቮርክ ናልባንዲያን የቀመሩት የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን መዝሙር ነው፤ ከአብዮቱ በኋላ የዳንኤል ዮሐንስ ዜማ ተተካ፤ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሰሎሞን ሉሉ ዜማ። በአንዲት መስኮት ፊት ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ሦስት መዝሙር ሰምቷል፤ የመጀመሪያዎቹን ኖታዎች ብቻ ቢያሰሙት ግን በየትኛው ዘመን፣ በማን ቤት፣ ከማን ጋር ተቀምጦ እንደ ነበር ይነግርሃል።

በጥቁርና ነጭ ዘመን የመግቢያው ጽሑፍ የእጅ ሥራ ነበር። ኮምፒዩተር አልነበረምና ርእሱ በካርቶን ላይ በብሩሽ ይጻፋል፣ ካርቶኑም በካሜራ ፊት ይቆማል፤ ብዙ ስም ያለበት እንደ ሆነ በረጅም ወረቀት ተጽፎ በበርሜል ላይ እየተጠቀለለ ቀስ ብሎ ይወጣል። ፊደላችን ራሱን ችሎ የሚታይ ግርማ አለውና፣ የቁም ጸሐፊ እጅ ያረፈበት ርእስ ከሙዚቃው ጋር ሲመጣ የመጽሐፍ ሐረግ የተገለጠ ይመስላል። ኅብረ ቀለም የመጣው አብዮቱ 10ኛ ዓመቱን ባከበረበት በ1977 ዓ.ም. መባቻ ነው፤ ጥቅሙን አልክድም፣ ሆኖም ያ የጥቁርና ነጭ ፊደል ጥራት በቀለሙ ውስጥ እንደ ደበዘዘ ይሰማኛል።

እኔ ቴሌቪዥንን መጀመሪያ ያየሁት ለትምህርት በሄድሁበት በመቱ ነው፤ በሶር ወንዝ ላይ የተሠራው፣ 5 ሜጋዋት የሚያመነጨው ጣቢያ ብርሃኑን ካዳረሰ በኋላ ቡሬ ስመለስ አንድ ቡና ቤት ከመደርደሪያው በላይ፣ በእንጨት ሣጥን የተቆለፈ ቴሌቪዥን አስቀምጦ አገኘሁ። ሣጥኑ የሚከፈተው በሰዓቱ ነበር፤ ቁልፉም በባለቤቲቱ መቀነት ጫፍ ታስሮ ይውላል። ልጆች መሬት ላይ፣ ሽማግሌዎች አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ፤ ከአግዳሚው የተረፈ በመስኮት ያያል። በአባባ ተስፋዬ ሳህሉ የልጆች ክፍለ ጊዜ ዜማው ከተሰማበት ጊዜ ጀምሮ እርሳቸው ብቅ ብለው ልጆችን በአበባና በፍሬ እየመሰሉ ሰላምታ እስኪሰጡ ድረስ ባለችው ጥቂት ጊዜ ውስጥ በዚያ ቤት የነበረው ጸጥታ፣ ካህኑ መጋረጃውን ሊገልጥ ሲል የሚሆነውን ጸጥታ ይመስል ነበር። እኒህ ሰው በ1957 ዓ.ም. የጀመሩትን ዝግጅት እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስ 42 ዓመት ያህል መርተውታል፤ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ያለቀሰው አያትና የልጅ ልጅ በአንድነት ነው። እሑድ ደግሞ ስሙን ከ120 ደቂቃ ርዝመቱ ያገኘው «መቶ ሃያ» ይመጣል፤ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰ ሰው ነጠላውን ሳያወልቅ ይቀመጥለት ነበር። ማታ በ2 ሰዓት የዜናው ዜማ ሲነሣ ቢሊያርድ የሚጫወቱት እንጨታቸውን ያቆማሉ። የሚያስቆማቸው ትእዛዝ አልነበረም፤ ዜማው ራሱ ትእዛዝ ነበር።

ለመግቢያ ተብሎ የተሠራ ዜማ ከመግቢያነት አልፎ ራሱን የቻለ ሥራ ሊሆን እንደሚችል ከሚመሰክሩት ሁሉ በእኛ አገር ቀዳሚው «የከርሞ ሰው» ነው። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ያን ስም ያለውን ተውኔት በጻፉ ጊዜ ሙዚቃውን የቀመሩት፣ ለእኛ ለኢሉባቦሮች ጎረቤት በሆነችው በጅማ የተወለዱት ሙላቱ አስታጥቄ ናቸው፤ ተውኔቱ ከመድረክ ከወረደ ከብዙ ዘመን በኋላ ያው ዜማ በ2005 እ.ኤ.አ. የአሜሪካዊው ዳይሬክተር የጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ገብቶ ዓለምን ዞረ። ባለ አምስት ድምፁ ቅኝታችን ለዚህ ሥራ እጅግ ይመቻል፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ የሚባሉት ቅኝቶች ገና በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ድምፅ ራሳቸውን ይገልጣሉና፣ ጥቂት ሰኮንድ ብቻ ለተሰጠው ሙዚቀኛ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። በሌላውም አገር ጥበቡ ከእንዲህ ያለ ቁጠባ ይወለዳል፤ አርጀንቲናዊው ላሎ ሺፍሪን በ1966 እ.ኤ.አ. ለአንድ የአሜሪካ የስለላ ተከታታይ ፊልም የቀመሩት ዜማ በአምስት ምት የሚራመድ ስለ ሆነ፣ በአራት ምት የለመደ ጆሮ እግሩ የተሰናከለ ያህል ይነቃል።

እዚህ ላይ ልቤን የሚነካ አንድ ነገር አለ። በ1963 እ.ኤ.አ. የጀመረው የእንግሊዞች «ዶክተር ሁ» የተባለ ዝግጅት ዜማ በሮን ግሬነር ተጽፎ፣ ዴሊያ ደርቢሸር የምትባል ሴት የድምፅ ክር እየቆረጠችና እየቀጠለች በኤሌክትሪክ መሣሪያ የሠራችው ነው፤ ስሟ ግን በዝግጅቱ መግቢያም ሆነ መዝጊያ ላይ ሳይጻፍ ኖሮ፣ በማያው ላይ የታየው ዝግጅቱ 50 ዓመት ሲሞላው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው፤ እርሷም ካረፈች 12 ዓመት አልፎ ነበር። የስም ዝርዝር ለማጀብ የተሠራ ዜማ ባለቤቱን ከስም ዝርዝሩ ውጭ ሲያስቀር፣ ይህ በእኛም ቤት እንዳይደርስ መጠንቀቅ አይገባምን? በየጣቢያው መዝገብ ቤት ባሉት የድሮ ክሮች ላይ የክራር መቺው፣ የዋሽንት ነፊው፣ የርእስ ጸሐፊው ስም ከዜማው ጋር እንዲጻፍ፣ የሚያስታውሱ ሰዎች በሕይወት ሳሉ እንዲጠየቁ እወዳለሁ፤ የቅኔ ባለቤት በየደብሩ በስሙ ሲጠራ፣ ለአንድ ትውልድ ማታ ማታ የጮኸ ዜማ ባለቤት ስም አጥቶ መቅረቱ ፍርድ አይደለም።

ከ1990ዎቹ ወዲህ መልኩ ተለውጧል። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በራዲዮ በ257 ክፍል የቀረበው «የቀን ቅኝት»ና በኦሮምኛ የተሰማው «ዲምቢባ» በቡሬ ቡና ለቀማ ላይ ያሉ ሰዎችን ሳይቀር ቅርጫታቸውን ከዛፍ ሥር አስቀምጠው በአንድ ራዲዮ ዙሪያ ያሰባስቡ ነበር። በቴሌቪዥን እነ «ገመና»፣ እነ «ሰው ለሰው» መጡ። በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው ቃና ደግሞ የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ አቀረበልን፤ ንግግሩ የእኛ፣ መግቢያው ዜማ ግን የሌላ አገር ትዝታ ያለበት ሆነ። ዛሬ በስልክ የሚያይ ወጣት መግቢያውን በአንድ ጣት ዘልሎ ያልፈዋል። አልወቅሰውም፤ እርሱ ዘንድ ዝግጅቱ ሁልጊዜ አለ፣ የሚያመልጠው ነገር የለም፤ ለማያመልጥ ነገር ደግሞ ጥሪ አያስፈልግም። እኛ የናፈቅነው ግን ጥሪውን፣ በጥሪውም ምክንያት በዝናብ ውስጥ ሮጦ የሚመጣውን ሰው ነው።

ባለፈው ክረምት ቡሬ ወርጄ እናቴ ዘንድ ሰነበትሁ። ዓይኗ ደክሟል፤ የድሮው ራዲዮ ድንጋዩ ወጥቶለት፣ የዳንቴል ልብስ ለብሶ በቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል። ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ፣ እኔም ሳላስበው ያችን የጀርመን ደወል በአፍንጫዬ አንጎራጎርሁ። እናቴ የጀበናውን ክዳን በዳሰሳ ፈልጋ ከፍታ «ጀርመን ገባ እንዴ? ሲኒ ጨምር እንጂ ልጄ፤ አሁን ሰው ይመጣል» አለችኝ። ተነሥቼ አራት ሲኒ ጨመርሁ።