አሮጌውና አዲሱ ሻንጋይ በእናቴ ዓይን

ሻንጋይ መኖር ከጀመርኩ ሰባት ዓመት አልፎኛል። ባለፈው መስከረም እናቴና ታናሽ ወንድሜ ሊጠይቁኝ መጥተው ነበር። እናቴ አርባ ዓመት የኖረችበት፣ ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ የነበረው የቀበሌ ቤት በ2016 ዓ.ም. ለልማት ከፈረሰ ወዲህ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገብታለች። ስለዚህ አሮጌውንና አዲሱን ሻንጋይ ላሳያት ስነሳ፣ ለእሷ ተራ ጉብኝት እንደማይሆን ገምቻለሁ።

የጀመርነው ከአዲሱ ነው። ከሁዋንግፑ ወንዝ ማዶ ያለው ፑዶንግ፣ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1990 ለልማት እስከከፈተው ድረስ በአብዛኛው የእርሻ ማሳና መጋዘን ነበር። ዛሬ 632 ሜትር የሚረዝመው ሻንጋይ ታወር የቆመው እዚያ ነው። ወንድሜ አንጋጦ ፎቶ ሲያነሳ ዋለ። ከወንዙ ወዲህ ያለው ቡንድ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1842 የተፈረመው የናንጂንግ ውል ወደቡን ለውጭ ነጋዴዎች ካስከፈተ በኋላ የመጡ ባንኮችና የንግድ ድርጅቶች ያሠሯቸው የድንጋይ ሕንፃዎች የተደረደሩበት ነው።

ከዚያ ወደ ሺንትያንዲ ሄድን። ሰፈሩ የሺኩመን ቤቶች ሰፈር ነው። ሺኩመን የሚባለው በድንጋይ መቃን የተከበበ ጥቁር የእንጨት በር ያለው፣ የቻይናን ግቢ ከአውሮፓ ተርታ ቤት ጋር ያዳቀለ አሠራር ሲሆን፣ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ የተስፋፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ሺንትያንዲ ታድሶ ሲከፈት የውጭው ጡብና በሩ ተጠብቆ፣ ውስጡ ካፌ፣ ምግብ ቤትና ሱቅ ሆኗል።

«ቤቱስ አምሮበታል፤ ሰዎቹ የት ሄዱ?» አለችኝ እናቴ።

«ሌላ ቦታ ተዛወሩ።»

«አንድ ላይ?»

እድሯን እያሰበች እንደሆነ ገባኝ። የእድሯ ሰዎች በየአቅጣጫው ተበታትነዋል፤ ለቅሶ ለመድረስ ሁለት ሦስት ታክሲ መቀያየር ግድ ሆኗል።

በማግስቱ ሰው አሁንም ወደሚኖርበት የሺኩመን መንደር ወሰድኳት። በጠባቡ መተላለፊያ ላይ ልብስ ተሰጥቷል፣ ሽማግሌዎች ካርታ ይጫወታሉ፣ አንዱን ማድ ቤት አራት ቤተሰብ ይጋራዋል። «ይኼማ የእኛ ግቢ ነው!» ብላ ፊቷ በራ። ደጃፋቸው ላይ አትክልት ሲቀነጥሱ ያገኘናቸው አሮጊት ግን በእኔ አስተርጓሚነት የነገሯት ሌላ ነው። ቤታቸው መፀዳጃ የለውም፤ በየማለዳው ፖፖ ተሸክመው ይወጣሉ። መንደሩ በቶሎ ቢፈርስ ደስታቸው ነው።

«ፈርሶ የት ሊገቡ?» ስትል ጠየቀች። እዚህ ላይ አሠራሩን ማስረዳት ነበረብኝ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የቻይና ደንብ፣ ለሚፈርስ ቤት የሚከፈለው ካሳ ተመሳሳይ ቤት በገበያ ከሚያወጣው ዋጋ እንዳያንስ ያዝዛል። ሻንጋይ በዚያው ዓመት ባወጣችው የማስፈጸሚያ ደንብ ደግሞ፣ የአሮጌ ሰፈር ነዋሪ ሁለት ጊዜ ይጠየቃል። መጀመሪያ ሰፈሩ መልሶ እንዲለማ ከ90 በመቶ በላይ መስማማት አለበት። ቀጥሎ የካሳ ውሉን ቢያንስ 80 በመቶው ካልፈረመ ውሉ አይጸናም። የመንግሥት ቤት ተከራዮችም፣ የእኛን የቀበሌ ቤት ነዋሪ እንደማለት ነው፣ ይቆጠራሉ።

ይህ ሁሉንም ያስደስታል ማለት አይደለም። ያልተስማሙት ጥቂቶች በብዙኃኑ ድምፅ ይወጣሉ። ካሳውም የሚከፈለው ለቤቱ እንጂ ለጉርብትናው አይደለም። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ደግሞ በርካታ ሰፈሮች እንዲህ ያለ ምክክር ሳይደረግባቸው ፈርሰዋል።

ማታ ሻይ እየጠጣን እናቴ ድንገት ወደ ወሬው ተመለሰች። «እኔ ለምን ፈረሰ አላልኩም» አለች። «ጣሪያው ያፈስ ነበር፤ መፀዳጃውም የጋራ ነበር። እነዚያ ሴትዮ ግን ሁለቴ ይጠየቃሉ አልክ አይደል?»

«አዎ።»

«እኔን አንዴ ቢጠይቁኝ፣ እሺ እል ነበር።»